በሳይንስ ማስተርስና ፒኤችዲ መማር ለገጠር ልጅ ለምን እንዲህ ራቀ? መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

የሀዋሳዋ ፊዚክስ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ። ከተመረቅኩ በኋላ ሲዳማ ውስጥ አንድ ወረዳ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ቆይቼ አሁን ሀዋሳ ተዛውሬ እየሠራሁ ነው። ቤተሰቦቼ በቡናና በእንሰት ነው የሚተዳደሩት። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ውጤቴ ጥሩ ነው። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፣ ከተሳካም እስከ ፒኤችዲ መግፋት።

ትምህርቱ ይከብደኛል ብዬ አልፈራም። ያስቸገረኝ መንገዱን የሚያሳየኝ ሰው ማጣቴ ነው። ግቢ እያለን ወንድም ወይም አጎት ውጭ ያላቸው ልጆች ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ስለ ስኮላርሺፕ ያወሩ ነበር። ከመምህራን ጋር ሪሰርች ያግዛሉ፣ ዳታ ይሰበስባሉ፣ መምህሩ በስማቸው ያውቃቸዋል። የዲግሪ ተማሪ ቢሮ አንኳክቶ "ላግዝዎት" ማለት እንደሚችል እኔ የሰማሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። እኛ ከገጠር የመጣነው መምህር ቢሮ የምንሄደው ውጤት ሲበላሽብን ብቻ ነበር። አሁን ማመልከት ስፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ እባላለሁ። በደንብ የሚያውቀኝ አንድ መምህር ነበር፣ እሱም ከአገር ወጥቷል፣ ኢሜይል ብልክለት መልስ የለም። ኦሪጅናል ዲግሪዬና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴ ደግሞ በኮስት ሼሪንግ ምክንያት አልተለቀቀልኝም። ልጠይቅ ስሄድ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራኛል። በግሌ ከፍዬ ልማር ብል የመምህር ደሞዝ ታውቁታላችሁ፣ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ወሩን መግፋት ራሱ ፈተና ነው።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ድሮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብ የሚባል ክፍል አለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሌንሱ፣ ፕሪዝሙ፣ አሚተሩ ከነካርቶኑ ተቀምጧል፣ ፕላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። እቃ ከተሰበረ ከደሞዝ ይቆረጣል ስለሚባል ፈርሞ የሚያወጣ የለም። አንድ ቀን ፈርሜ አወጣሁና ፕሪዝሙን በመስኮት በገባው ፀሐይ ላይ አዞርኩት። ቀለማቱ ግድግዳው ላይ ሲወጡ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ይሄን ብቻ እያጠና የሚኖር ሰው አለ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሴትም?" አለችኝ። ያቺ ልጅ ሒሳብ ላይ ከኔ ትፈጥናለች። ነገ ዲግሪዋን ብትይዝ እንኳን ከዚያ በኋላ ነይ የሚላት ማን ነው?

እና ጥያቄዬ፣ እንደኔ ያለ ሰው ከየት ይጀምር? ሌላው፣ የገጠር ልጆችን፣ የታዳጊ ክልል ልጆችን፣ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን ለይቶ የሚፈልግ የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ይኑር ስል አንድ ባልደረባዬ "ይሄ ጥራት መግደል ነው" ይለኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?


አንጋፋው መምህር፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ደግሜ አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ዘመን ስላስተማርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

በቅድሚያ ወረቀትሽን አስለቅቂ። ያለ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የትም አትደርሺም፣ ሰው ደግሞ ይህን የሚያስታውሰው የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ ሲል ነው። የወጪ መጋራቱ ደንብ ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚጨርስበትን መንገድ አስቀምጧል። ያስተማርሽበትን ዘመን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አጽፊ፣ አሁን ካለሽበትም እንዲሁ፣ ከዚያ ይዘሽ ሬጅስትራር ሂጂ። አንቺን የማይመለከት ሆኖ ከተገኘ ዕዳው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በቃል የሚነግሩሽን ይዘሽ አትመለሺ። ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትተው የቃል መልስ ነው።

ቀጥሎ ጋት አለ። አገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ችሎታው እያላቸው ስክሪን ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብበው ስለማያውቁ ብቻ ሰዓት የሚያልቅባቸው ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ ልምምድሽን ወረቀት ላይ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ አድርጊው፣ ሰዓትም ያዢ። ከጋት በኋላ ዲፓርትመንቱ የራሱን ፈተና ሊፈትን ይችላል።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ መምህሩ ያልመለሰልሽ ጠልቶሽ አይመስለኝም። ስምሽን ቢያይም ፊትሽ አይመጣለትም። ሲኒየር ፕሮጀክት ያማከረሽን መምህር ፈልጊ። ኢሜይሉ ላይ ትራንስክሪፕትሽን፣ ፕሮጀክትሽንና አሁን የምትሠሪውን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ አያይዢ። የትኛውን ኮርስ ከእሱ ጋር እንደወሰድሽ፣ ምን እንዳገኘሽ ጻፊለት። አንድ ደብዳቤ ደግሞ ከትምህርት ቤትሽ ርዕሰ መምህር ይሁን፣ የፕሪዝሙን ነገር የሚያውቅ ካለ ይጻፈው። ለኔ ያ ታሪክ ብቻውን ከብዙ ውጤት በላይ ይናገራል።

ሥራሽን ደግሞ አትልቀቂ። ለመምህራን በክረምት የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች አሉ፣ ትምህርት ቢሮው ስፖንሰር የሚያደርግበትም ጊዜ አለ። ማስታወቂያው የሚለጠፈው ግን ከተማ ያለው ቢሮ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ወረዳ ያለ መምህር እስኪሰማ ምዝገባው ይዘጋል። ይህ በጣም ያናድደኛል። አንድ ደብዳቤ ወደ ወረዳ መላክ ምን ያህል ይከብዳል?

ስለ ጥራት የጠየቅሽውን ሌሎች ይመልሱት፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ወጥታ፣ ዲግሪዋን ጨርሳ፣ በጥሩ ውጤት የመጣች ልጅ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘች ትራንስክሪፕቱ ላይ አይጻፍም። መራጩ ይህን መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።


የታቦር ሰፈር ልጅ፦

እህቴ ሰላም። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ሀዋሳ ነው፣ አሁን አሜሪካ ፒኤችዲ ላይ ነኝ።

መጀመሪያ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ በፊዚክስ ፒኤችዲ ለማመልከት ማስተርስ አያስፈልግም፣ በዲግሪሽ ቀጥታ ማመልከት ትችያለሽ። የተቀበለሽ ዲፓርትመንት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ ኮርስ እያገዝሽ ወይም ላብ እየሠራሽ ደግሞ በየወሩ ይከፍልሻል። የማመልከቻ ክፍያው በዶላር መሆኑ ያስፈራል፣ ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍያው ነፃ የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው። ለዲፓርትመንቱ ጽፈሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግሊዝኛውንም ቢሆን አንዳንዶቹ "ትምህርቷን የተከታተለችው በእንግሊዝኛ ነው" የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ጥያቄ ልምጣ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እዚህም ይህ ክርክር ነበረ፣ አሁንም አለ። ናሽቪል የምትባል ከተማ ውስጥ ፊስክና ቫንደርቢልት የሚባሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ፊስክ ከጥንት ጀምሮ ጥቁር ተማሪዎችን የሚያስተምር ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ቫንደርቢልት ትልቅና ሀብታም ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አብረው አንድ ድልድይ ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪው ማስተርሱን ፊስክ ይሠራል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ግን ቫንደርቢልት ላብ እየገባ ከመምህራኑ ጋር ይመራመራል። ጎበዝ መሆኑን እዚያው በሥራ ያዩታል፣ ከዚያ ወደ ፒኤችዲ ይሻገራል። ሲመርጡም የመግቢያ ፈተና ነጥብ ላይ አልተንጠለጠሉም። ልጁን አስቀምጠው ያወሩታል፣ ከባድ ነገር ሲገጥመው ምን እንዳደረገ ይጠይቁታል። በኋላ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም ተመሳሳይ ፕሮግራም ከፈተ። ጂአርኢ የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንደ ግዴታ መጠየቅ ያቆሙ የፊዚክስና የአስትሮኖሚ ዲፓርትመንቶችም በርክተዋል።

ሌላም አለ። ሮናልድ ማክኔር የሚባል ጥቁር የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ ነበር፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ስትፈነዳ ሞተ። በስሙ የተቋቋመው ፕሮግራም ከቤተሰቡ ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያ የሆነውን ደሃ ተማሪ ገና ዲግሪ ላይ እያለ ከመምህር ጋር ያገናኘዋል፣ ሪሰርች ያሠራዋል፣ ማመልከቻ አጻጻፍ ያሳየዋል። አንቺ "ማንም አልነገረኝም" ያልሽውን ሁሉ የሚነግረው ሰው ተቀጥሮለታል ማለት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በዋናነት ለአሜሪካ ነዋሪዎች ስለሆኑ አንቺ አታመለክቺባቸውም። እኛ አገር ግን እንደዚህ የሚሠራ ነገር እንዳይኖር የሚከለክል አይታየኝም። ብዙውም ገንዘብ አይጠይቅም፣ የመምህር ጊዜ ነው የሚጠይቀው።

ለአንቺ የሚሆኑትን ደግሞ ጻፊያቸው። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ አለ። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ከድሃ አገር ለሚመጡ የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች ብሎ ነው። የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ፕሮግራሙ ለፒኤችዲ ያዘጋጃል፣ ወጪሽን ይሸፍናል። ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ሩዋንዳን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ማስተርስ ያስተምራል፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለው፣ ሴቶችንም አጥብቆ ይፈልጋል። ማስተርስ ከያዝሽ በኋላ ኦደብሊውኤስዲ የተባለው የታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለፒኤችዲ ይረዳል። ሦስቱም ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። "ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚው፣ ከተማችን ውስጥ በዚህ የተበሉ ልጆች አውቃለሁ።


ኢንጂነር ከአዳማ፦

እኔ የባልደረባሽን ስጋት የማልጋራ መስዬ መታየት አልፈልግም። እጋራለሁ። እዚህ አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው ተማሪ የሚቀበለው፣ ለኔ እሱ ትክክል ነው። ፈተና ቢያንስ ዘመድ አያውቅም። "ለይቶ መፈለግ" የሚባለውን ነገር አንዴ ከከፈታችሁት ነገ የባለሥልጣን ልጅ "የገጠር ልጅ" ተብሎ በዚያው ይገባል። አይሆንም እንዳትሉኝ፣ አገራችንን እናውቃታለን።

ደግሞ ልጁንም የሚጎዳ ነገር አለ። ማስተርስ ስማር አንድ ጓደኛችን ነጥብ ዝቅ ተደርጎለት ገባ። ከገባ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሒሳቡ ላይ ክፍተት ነበረው፣ አድቫይዘሩ በሴሚስተር አንዴ ነበር የሚያገኘው። ቲሲሱን ሳይጨርስ ወጣ። እስካሁን "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ይላል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ነጥብ ቀንሶ አስገብቶ ብቻውን መተው ጭካኔ ነው፣ ከዚያ ይልቅ ታች ያለው ትምህርት ቤት ይስተካከል።


የእጽዋት ተመራማሪ፦

ወንድሜ ኢንጂነር፣ የጓደኛህ ታሪክ በጣም ያሳዝናል። ግን ራስህ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። የጣለው የተቀነሰለት ነጥብ ሳይሆን ከገባ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። የታቦር ሰፈሩ ልጅ የነገረን ድልድይ እኮ ለዚህ ነው፣ ነጥብ አልቀነሰም፣ ክፍተቱን የሚሞላበት ጊዜና አብሮት የሚቆም መምህር ሰጠ። "ታች ያለው ይስተካከል" ላልከውም እስማማለሁ፣ ግን ታች ያለውን የሚያስተካክለው ማን ነው? ፕሪዝሙን ከካርቶን ያወጣችው እሷ ናት። እሷ ማስተርስ ይዛ ብትመለስ ነው ታች የሚስተካከለው።

የዘመድ ነገር ያልከው እውነት ነው፣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተማረ፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚሠራ በማስረጃ ይጠየቅ፣ የተመረጡት ሰዎች ስም ከነምክንያቱ ይለጠፍ። ስለሚሰረቅ በሩ ይዘጋ ማለት ግን አይቻልም።

የማሽላውን ሊቅ ገቢሳ ኤጀታን አስቡ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ማለት ነው። ወሎንኮሚ በሣር ጎጆ የተወለዱ ሰው ናቸው፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። ወደ ሳይንስ ያስገባቸው ጅማ የነበረው አዳሪ የግብርና ትምህርት ቤት ነው፣ ከዚያ ዓለማያ ሄዱ። ማደሪያና ምግብ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ባይኖር ያ ጭንቅላት የት ይቀር ነበር? አሜሪካ ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲም የገቡት አንድ ፕሮፌሰር አይቷቸው ናልኝ ስላላቸው ነው። ፒኤችዲያቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. ያዙ። አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ ለአፍሪካ ገበሬ የሰጠው ሰው እንዲህ ነው የተገኘው። ሰገነት ቀለሙም ፍኖተ ሰላም የተወለዱ የገጠር ልጅ ናቸው። ካንሳስ ፒኤችዲያቸውን ሠርተው ናይሮቢ ያለውን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከል እስከ መምራት ደርሰዋል። እህቴ፣ ያቺን ልጅ "ሴትም?" ስትልሽ የእሳቸውን ስም ንገሪያት።

አንድ ነገር ግን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳ። እኔ ማስተርስ ስሠራ ልጅ ጡት እያጠባሁ ነበር። ላቡ ውስጥ ማሽኑ የሚለቀቅልን ማታ ነው፣ ቀን መምህራኑ ይጠቀሙበታል። ለድህረ ምረቃ ሴቶች ግቢ ውስጥ መኝታ አልነበረም። ማታ ሦስት ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ ጨለማ ውስጥ ስቆም የነበረውን ፍርሃት አሁንም አስታውሰዋለሁ። እናቴ ከገጠር መጥታ ልጄን ባትይዝልኝ አልጨርስም ነበር። ከኔ ጋር የጀመሩ ሴቶች ያቋረጡት ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፣ ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ነው። ስለ መግቢያ ነጥብ ይህን ያህል ስንጨቃጨቅ ስለ መኝታ፣ ስለ ሕፃን ማቆያ፣ ስለ ማታ ትራንስፖርት የሚጠይቅ የለም። ሴቶችን እፈልጋለሁ የሚል ዲፓርትመንት ከዚህ ይጀምር።


የልዩ ፍላጎት መምህር፦

አጭር ነገር ልጨምር። ጥያቄው ላይ አካል ጉዳተኞች ተብለው ተጠቅሰው መልሱ ላይ ጠፉ። እኔ ጋ ያሉ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሳይንስ የሚለው ምርጫ ራሱ አይቀርብላቸውም፣ ሶሻል ግቡ ተብለው ያልፋሉ። ሒሳብ የሚወድ ልጅ አለኝ፣ በብሬል የተዘጋጀ የሒሳብ መጽሐፍ ግን የለውም። ታዲያ ማስተርስ ላይ ዓይነ ስውር ለምን የለም ብሎ መጠየቅ ምን ዋጋ አለው? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለአካል ጉዳተኞች ትኩረት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ እንዳለው ግን እወቁ፣ የምታውቁት ልጅ ካለ ንገሩት።


የሀዋሳዋ ፊዚክስ መምህርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲኒየር ፕሮጀክት ላማከረኝ መምህር ዛሬ ጽፌአለሁ፣ እርስዎ እንዳሉት ትራንስክሪፕቱንና ፕሮጀክቱን አያይዤ፣ የተማሪ ኮፒው አለኝ። የአገልግሎት ደብዳቤውን ለማጻፍ ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ። አይሲቲፒንም ኤይምስንም ከፍቼ አነበብኩ፣ ሁለቱም ላይ ላመለክት ነው።

ኢንጂነር፣ ስጋትህን በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እኔም ነጥብ ይቀነስልኝ አላልኩም። ማስታወቂያው እኔ ያለሁበት ይድረስ፣ ከገባሁ በኋላ ደግሞ የሚያየኝ ሰው ይኑር ነው የምለው።

ጋሼ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጋት ለመለማመድ እዚህ ሀዋሳ ያለን መምህራን ተሰባስበናል። ሁለታችን ላፕቶፕ አለን፣ ሌሎቹ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ክፍል የሚከፍትልን ይኖራል? ደግሞ በክረምት ከገጠር ትምህርት ቤት የሚመጡ የሳይንስ መምህራን ዩኒቨርሲቲ ላብ ገብተው አንድ መምህር እንዲያግዙ ማድረግ ይቻላል? ደሞዝ አንጠይቅም።


አንጋፋው መምህር፦

የኮምፒውተር ክፍሉን እኔ እጠይቅላችኋለሁ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት መምህራን እንደሆናችሁ ዘርዝረሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከርዕሰ መምህራችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ አለዚያ በር ላይ ጥበቃ አያስገባችሁም።

የክረምቱን በተመለከተ ለሁሉም ቃል መግባት አልችልም። እኔ ግን የሙቀት መለኪያ ሥራ አለኝ፣ ዳታ የሚወስዱ ሁለት ሰዎች እቀበላለሁ። አንዷ አንቺ ነሽ። ሁለተኛውን ከሀዋሳ ውጭ ካለ ወረዳ ፈልጊልኝ።